የጉንጭ ቅላት፤ በጣም ነጣ ላለ ፊት የሚስማማው ቀለም እንዴት ይመረጣል?



በአገራችን አነጋገር የሰው መልክ ሲገለጽ «ጥቁር ነው»፣ «ጠይም ነው»፣ «የቀይ ዳማ ነው»፣ «ቀይ ነው» ይባላል። መልኩ ነጣ ያለውን ሰው «ነጭ» ሳይሉ «ቀይ» ብለው የጠሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን የባዮሎጂ መጽሐፍ ባያነቡም ነገሩን በደንብ አስተውለውታል። የቆዳ ቀለም እየቀነሰ በሄደ መጠን ከሥሩ የሚዘዋወረው ደም ጎልቶ ይታያልና ነው።

የዛሬው ርእሳችን ከዚሁ የሚነሣ ነው። በአይርላንድ፣ በስኮትላንድና በስካንዲናቪያ አገሮች ቆዳቸው እጅግ ነጣ ያለ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ጉንጯን ጥቂት ቀላ ለማድረግ የምትፈልግ ሴት ቀለም ስትመርጥ ብዙ ትቸገራለች። ቀለሙ ትንሽ የበዛ እንደሆነ ትኩሳት የያዛት ያስመስላታል፤ ዓይነቱ የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ጉንጯ ጭቃ የነካው ወይም የተመታ ይመስላል። ነገሩ የመስተዋት ፊት ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታየን ይችላል። ዳሩ ግን የባዮሎጂን፣ የፊዚክስንና የኬሚስትሪን ትምህርት በአንድ ጉንጭ ላይ የሚያገናኝ ነው፤ ከዚያም በላይ በታሪክ ውስጥ የብዙ ሰው ጤና የጠፋበት ጉዳይ ነው።

የነገሩን ፍሬ አስቀድሞ ለመናገር ያህል፣ ለነጭ ጉንጭ ከሁሉ የሚስማማው ቀለም የባለቤቱ የገዛ ደሙ የሚሰጠው ቀለም ነው። ይህ ለምን እንደሆነና ቀለሙም እንዴት እንደሚገኝ በሚከተለው እንመልከት።

ቅላቱ ከየት ይመጣል?

ቆዳችን በላይና በታች የተነባበሩ ክፍሎች አሉት። የላይኛው ክፍል በጣም ስስ ሲሆን በውስጡ አንድም የደም ሥር አይገኝም። ደሙ የሚሄደው ከእርሱ በታች ባለው ክፍል፣ ከጠጕር እጅግ በቀጠኑ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። በጉንጭ ላይ እነዚህ ሥሮች ብዙዎች ናቸው፤ ለቆዳውም ገጽ ቅርብ ናቸው። ፊታችን ሲቀላ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጉንጫችን ቀድሞ የሚታወቀው ስለዚህ ነው።

ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ነው። የፀሓይ ብርሃን የቀስተ ደመና ቀለሞች ሁሉ ድብልቅ መሆኑን በፊዚክስ ክፍል ተምረናል። ይህ ብርሃን ቆዳን አልፎ ደም ዘንድ ሲደርስ ሄሞግሎቢን አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ቀዩን ግን ይመልሳል። ተመልሶ ወደ ዐይናችን የሚመጣው ይህ ቀይ ብርሃን ነው።

በደሙና በዐይናችን መካከል ደግሞ አንድ መጋረጃ አለ። ይህም ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም ነው። በእኛ ቆዳ ውስጥ ሜላኒን በብዛት ስለሚገኝ መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ከፀሓይም ቃጠሎ ይጠብቀናል። በሰሜን አውሮፓውያን ቆዳ ውስጥ ግን ጥቂት ስለሆነ መጋረጃው ስስ ነው። ስለዚህ በእነርሱ ጉንጭ ላይ የሚታየው ቅላት በነጭ ቆዳ ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣ ለስላሳ ጽጌረዳማ ቀለም ነው እንጂ እንደ ሸክላ ቡናማ ወይም እንደ ብርቱካን ቢጫማ አይደለም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ስለ አመራረጡ ስንናገር ያስፈልገናልና።

ሰው ሲሮጥ፣ ሲሞቀው ወይም ሲያፍር እነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደምም ይገባባቸዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1872 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ስለ ኀፍረትና ስለ ፊት መቅላት ጽፏል። በልዩ ልዩ አገር ወዳሉ ሰዎች ደብዳቤ እየላከ ጠይቆ የደረሰበት ነገር፣ በኀፍረት ጊዜ ደም ወደ ፊት መምጣቱ በቆዳ ቀለም የሚለያዩትን ሕዝቦች የሚያገናኝ ጠባይ መሆኑን ነው። የጠይሙና የጥቁሩ ሰው ፊትም እንደ ነጩ ይሞቃል፤ ልዩነቱ የመጋረጃው ውፍረት ብቻ ነው። እንግዲህ የነጭ ጉንጭ ቅላት የበለጠ ውበት ሳይሆን የበለጠ ግልጥ መሆን ብቻ እንደሆነ እንረዳለን።

ዐይን እንዴት ይታለላል?

በነጭ ነጠላ ላይ አንዲት የወጥ ጠብታ ብትወድቅ ከደጅ የገባ እንግዳ ሁሉ ያያታል። ያችው ጠብታ በጥቁር ካባ ላይ ብትወድቅ ግን ማንም ልብ አይላትም። ሸማኔዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ አንዱ ቀይ ክር በነጭ ሸማ ጥለት ላይ ሲሆንና ከጥቁር ወይም ከአረንጓዴ ክር ጋር ሲሰለፍ አንድ ዓይነት መስሎ አይታይም።

ይህን ነገር በትምህርት መልክ ያብራራው ሚሼል ኤዤን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ሼቭረል በ1824 በፓሪስ በጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን ቢመረምረው ምንም ጕድለት አላገኘበትም፤ ያደበዘዘው አጠገቡ የገባው የሰማያዊና የሐምራዊ ክር ነበር። ከብዙ ምርመራ በኋላ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ቀለሞች እርስ በርሳቸው አንዱ የሌላውን መልክ ለዐይናችን እንደሚለውጡ አስረዳ።

ይህ ለጉንጭም ይሠራል። በጠይም ጉንጭ ላይ ደስ የሚል ደማቅ ቀለም፣ እጅግ በነጣ ጉንጭ ላይ እንደዚያች የወጥ ጠብታ ይጮኻል። እንዲሁም ነጭ መልክ ያላት ሴት አረንጓዴ ሻርፕ ብታደርግ የጉንጯ ቅላት ከነበረው በልጦ ይታያል፤ ቀይ ቀሚስ ብትለብስ ግን ያው ቅላት የደከመ ይመስላል። እንግዲህ ቀለም በብልቃጡ ውስጥ እንዳለ አይፈረድበትም፤ በሚቀባበት ፊት ላይ ነው የሚፈረድበት።

የቀድሞዎቹ ምን አደረጉ?

የሴቶች መኳኳል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ዐይናቸውን በኩል ይኳላሉ፤ እጃቸውንና እግራቸውን በእንሶስላ ያቀላሉ። በአውሮፓ ደግሞ ጉንጭን ማቅላት ከጥንት የቆየ ልማድ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ጸሓፊ ክሴኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያወሳል። አንዲት ወጣት ሚስት ነጭ ለመምሰል የእርሳስ ዱቄት ተቀብታ፣ ቀይ ለመምሰል ደግሞ ከሥራ ሥር የተገኘ ቀለም ጉንጯ ላይ አድርጋ ትታያለች። ባሏም ሊጥ እንድታቦካ፣ ልብስና ምንጣፍ እንድታራግፍ፣ በቤቱ ውስጥ እንድትንቀሳቀስ ይመክራታል፤ ይህ ጤና ሰጥቷት ጉንጯን በእውነት ያቀላዋልና። የሥራውን ሸክም ለሚስት ብቻ መስጠቱን ዛሬ ባንቀበለውም፣ እንቅስቃሴ ጉንጭን እንደሚያቀላ መናገሩ ግን ትክክል ነው።

ምክሩን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። እርሳስን በኮምጣጤ እንፋሎት በማስበላት የሚሠራው ነጭ ዱቄት ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ወይዛዝርት የፊት ቅባት ሆኖ ኖረ። ለጉንጭና ለከንፈር ደግሞ ከባዜቃ፣ ማለት ከሜርኩሪ፣ እና ከድኝ የተሠራ ደማቅ ቀይ ዱቄት ይጠቀሙ ነበር። የነገሩን ስሕተት ልብ እንበል። የገዛ ደማቸው የሚሰጠውን ቅላት በመጀመሪያ በነጭ እርሳስ ይሸፍኑታል፤ ከዚያም የሸፈኑትን ቅላት በመርዝ መልሰው ይሥሉታል። እርሳስ ቆዳን ያበላሻል፤ ቆዳው በተበላሸ ቍጥር ደግሞ ለመሸፈን ሌላ እርሳስ ያስፈልጋል።

በአይርላንድ ያደገችውና የኮቨንትሪ ካውንቲስ የሆነችው ማሪያ ጋኒንግ በዘመኗ በለንደን በውበቷ እጅግ የታወቀች ነበረች። ባሏ መኳኳሏን ስለ ጠላ፣ አንድ ቀን በግብዣ ላይ እያሯሯጠ በፎጣ ፊቷን እንደ ጠረገው ይተረካል። በ1760 ገና በወጣትነቷ፣ 30 ዓመት ሳይሞላት ሞተች፤ ለሞቷም ምክንያት የሆነው በእርሳስ የተሠራው ቅባቷ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። በአገራችን «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይባላል፤ እነዚያ ወይዛዝርት ግን ሳያውቁት መልካቸውን በየቀኑ ይጠጡት ነበር ማለት ይቻላል።

ከማዕድን ይልቅ ለጉንጭ የተሻለ ቀይ የተገኘው ከነፍሳትና ከአበባ ነው። ስፓኛውያን በ1521 የሜክሲኮን አገር ከያዙ በኋላ፣ ኮቺኒል የሚባል በቁልቋል በለስ ላይ የሚኖር ትንሽ ተባይ የሚሰጠውን ቀይ ቀለም ወደ አውሮፓ ላኩ። የዚህን ተባይ አንድ ፓውንድ ደረቅ ምርት ለማግኘት እስከ 70,000 የሚደርስ ተባይ ያስፈልጋል ይባላል። ከእርሱ የሚወጣው ካርሚን የተባለው ቀለም ዛሬም በብዙ የጉንጭና የከንፈር ቀለሞች ውስጥ ይገኛል። በብልቃጡ ወይም በካርቶኑ ላይ ካርሚን ተብሎ፣ ወይም በቍጥር 75470 ተጽፎ ይታያል። ዛሬ ከሁሉ አብዝታ የምታመርተው ፔሩ ናት።

ይህ ተባይ የእኛንም አገር ነክቷል። ከ2000 ጥቂት ዓመታት በኋላ ለቀለም ምርት ይጠቅማል ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። በለስ በትግራይ በክረምት ወራት የብዙ ድኻ ቤተሰብ ምግብ፣ በበጋም የከብት መኖ ነው። ተባዩ ከታሰበለት ስፍራ ወጥቶ ተዛመተና በለሱን በብዙ ቦታ አደረቀው። የሩቅ አገር ሰው ጉንጭ ቅላት የአንድን ገበሬ አጥር ሊያደርቅ መቻሉ የሚያስገርምም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

ሁለተኛው ቀይ ሱፍ ነው። ሱፍ ስንል ፀሓይን እየተከተለ የሚዞረውን ትልቁን አበባ ማለታችን አይደለም፤ ፍሬው ለጾም ፍትፍት የሚሆነውን እሾኻሙን የአገራችንን ሱፍ ነው። የአበባው ቅጠሎች በብዛት ቢጫ፣ በጥቂቱም ቀይ ቀለም አላቸው። ጃፓኖች ቢጫውን በውኃ አጥበው ካስወገዱ በኋላ፣ ቀዩን በአመድ ውኃ አሟሙተው በጎምዛዛ ነገር መልሰው በማርጋት «ቤኒ» የሚሉትን የከንፈርና የጉንጭ ቀለም ይሠራሉ። እኛ ፍሬውን ወቅጠን ስንጠጣ አበባው ይህን ምስጢር ይዞ በማሳ ላይ መቅረቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቀለሙ እንዴት ይመረጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቆዳዋ እጅግ ነጣ ያለ ሴት የሚከተለውን ብታደርግ የሚስማማትን ታገኛለች።

አንደኛ፤ ፊቷን ታጥባ ጥቂት ትቈይ፤ ከዚያም በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ትቁም። የአምፑል ብርሃን ብዙ ጊዜ ቢጫ ስለሚሆን ያሳስታል። ከዚህ በኋላ ደረጃ ወይም ዳገት ፈጠን ብላ ወጥታ ተመልሳ በመስተዋት ትመልከት። በጉንጯ ላይ የምታየው ቅላት የምትፈልገው ቀለም እርሱ ነው። የታችኛው ከንፈሯ የውስጥ ገጽም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሱቅ ስትሄድ ከብዙው ብልቃጥ መካከል ከዚህ ጋር የሚቀራረበውን፣ ነገር ግን ከእርሱ የሳሳውን ትፈልግ።

ሁለተኛ፤ ነጭ ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ወደ ጽጌረዳ፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ሁለቱን ለመለየት በነጭ ወረቀት አጠገብ ማየት ይረዳል። ወደ ጽጌረዳ የሚያዘነብለውን ፈዘዝ ያለ የጽጌረዳ ቀለም ያስውበዋል። ወደ ቢጫ የሚያዘነብለውን፣ እንዲሁም ጠጕሩ ቀይ ሆኖ ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ያለበትን፣ የበሰለ ኮክ የሚመስል ለስላሳ ቀለም ይስማማዋል። የሸክላ ቡናማ፣ ጥቁር ወይን ጠጅና ደማቅ ብርቱካን ግን ለሁለቱም አይበጁም፤ በስስ ቆዳ ሥር ያለ ደም እንዲህ ያለ ቀለም ስለማይሰጥ ዐይን ወዲያው «ይህ የተቀባ ነው» ይላል። እነዚህ ቀለሞች መጥፎ ሆነው አይደለም፤ የሸክላውና የወይን ጠጁ ቀለም ለጠይምና ለጥቁር ጉንጭ እጅግ ያምራል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን እንደ መጋረጃው ይለያያል።

ሦስተኛ፤ ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑ ይበልጣል። በነጭ ቆዳ ላይ ጥቂቱ ብዙ ነው። ዱቄቱን በትልቅና ለስላሳ ብሩሽ ነክቶ፣ ብሩሹን አራግፎ፣ የቀረውን ብቻ ጉንጭ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ቆዳዋ ደረቅ ለሆነ ሴት በቅባት መልክ የተሠራው ይመረጣል፤ በጣት ሙቀት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚዋሐድ እንደ ዱቄት በላይ ተነጥፎ አይታይም።

አራተኛ፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ደም በተፈጥሮ በሚመጣበት ስፍራ ነው። ይኸውም ሰው ፈገግ ሲል ከፍ የሚለው የጉንጭ መካከል ነው። ከዚያ ወደ ጆሮ አቅጣጫ እየሳሳ ሄዶ ዳርቻው ሳይታወቅ ማለቅ አለበት። ደም በድንበር አይቆምምና።

አምስተኛ፤ ሲጨረስ ከመስተዋቱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ማየት ነው። ቀድሞ የሚታየው ቀለሙ ከሆነ በዝቷል፤ ቀድሞ የሚታየው ፊቱ ከሆነ ልክ ነው።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

አዲስ ቀለም ከመቀባት በፊት ጥቂት ክንድ ላይ አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ መልካም ነው፤ ካርሚንም ቢሆን አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሮዜሽያ የሚባል፣ ጉንጭንና አፍንጫን ሳያቋርጥ የሚያቀላ የቆዳ ሕመም በብዛት ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ተጨማሪ ቀለም አይደለም። በድንገት የገረጣ ፊትም የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቀለም ተሸፍኖ መታለፍ የለበትም።

የፀሓይ ነገርም አለ። በፀሓይ የቀላ ነጭ ጉንጭ የተቃጠለ ጉንጭ ነው፤ በጤናም አይቈጠርም። በአገራችንም ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ፣ ሜላኒን ፈጽሞ የሌላቸው ወይም እጅግ የሚያንሳቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ለእነርሱ ከማናቸውም ቀለም በፊት የሚያስፈልገው ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ የፀሓይ መከላከያ ቅባትና የቆዳ ሐኪም ክትትል ነው። በክፍልም ሆነ በሜዳ ጥላ ያለበትን ቦታ ብንለቅላቸው የሰው ወጉ ነው።

በመጨረሻም ለእኛ ለራሳችን የሚሆን አንድ ነገር አለ። የአውሮፓ ወይዛዝርት የተዉት ባዜቃ ዛሬ ፊት በሚያነጡ ቅባቶች ውስጥ ተደብቆ በብዙ አገር ገበያ ተገኝቷል። ሜርኩሪ የሜላኒንን መሠራት ያግዳል፤ ነገር ግን ኵላሊትንና ነርቭን ይጐዳል። በ2013 ሚናማታ በሚባለው ስም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን ለማስቀረት ተነሣ፤ አባል አገሮቹም በ2023 በጄኔቭ ተሰብስበው ሜርኩሪ የገባበት የመኳኳያ ዕቃ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወሰኑ። ወረቀት ላይ የተወሰነው በሱቁ መደርደሪያ ላይ እንዲፈጸም ግን የገዢው ዐይን ያስፈልጋል። ስለዚህ የተሠራበት ነገር በግልጥ ያልተጻፈበትን፣ በጥቂት ቀን ፊት አነጣለሁ የሚለውን ቅባት እናቶችና እኅቶች ቤታቸው ባያስገቡት ይሻላል።

የነጭ ጉንጭ ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው። ሰዎች የገዛ ደማቸውን ቀለም ሸፍነው ሌላ ቀለም በፈለጉ ጊዜ ተጐዱ፤ የገዛ ደማቸውን ቀለም አይተው በተከተሉት ጊዜ ግን በጥቂት ቀለም ብዙ አማረባቸው። ነጭም ይሁን ጠይም፣ ጥቁርም ይሁን የቀይ ዳማ፣ ቀለም የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ከራሱ ጉንጭ ይጠይቅ።